በብርድ ጊዜ ብስክሌት ስንነዳ እጃችን እንዳይደነዝዝ

በደብረ ብርሃን ለሚኖር ሰው ስለ ብርድ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሰማዩ ጥርት ብሎ በሚያድርባቸው ሌሊቶች ምድሪቱ ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ስትለቅ ታድራለች፤ የሚሸፍናት ደመና ስለሌለም ጧት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይገኛል። ይህን ሁላችንም በዓይናችን የምናየው ነው። እኔ በዚህ ዓመት ለመጽሔታችን ልጽፍ የፈለግሁት ግን ስለ ብርዱ ራሱ ሳይሆን፣ በዚያ ብርድ ውስጥ ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በብስክሌት ወደ ተማሪ ቤት ስለምንመጣ ልጆች እጅ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲያነቡ «የእጅ ብርድ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው? ልጅ ከሆነ መቻል ይልመድ እንጂ!» ይሉ ይሆናል። ነገሩ ግን የመቻልና ያለመቻል ጉዳይ አይደለም። የብዙዎቻችን ብስክሌት የሚቆመው በጣት ተጨብጦ በሚያዝ ፍሬን ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየበረረ ቁልቁለት የሚወርድ ብስክሌት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከ8 ሜትር በላይ ይሄዳል። እንግዲህ ጣቱ የደነዘዘበት ልጅ ፍሬኑን ለመጨበጥ አንድ ሴኮንድ ብቻ ቢዘገይ፣ ያች 8 ሜትር መንገድ የምታቋርጥ እናት ወይም ከፊቱ የቆመ ጋሪ የሚገኝባት ልትሆን ትችላለች። ይህም ባይደርስ እንኳ፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ፈተና ያለበት ተማሪ ትምህርቱን አጥንቶ ሳለ ብዕር መያዝ አቅቶት ሩቡን ሰዓት እጁን ሲያሻሽ ያሳልፋል። ስለዚህ እጅን ማሞቅ የቅንጦት ነገር አይደለም።

እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ከከተማው ዳር እስከ ተማሪ ቤታችን በብስክሌት ተመላልሻለሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ በመንገድ ያየሁትንና በፊዚክስና በባዮሎጂ ትምህርት የተማርኩትን አንድ ላይ ሳስተያየው፣ የተረዳሁት ዋና ነገር ይህ ነው፦ የእጅ ብርድ በእጅ ላይ ይታይ እንጂ ምክንያቱም መድኃኒቱም በእጅ ላይ ብቻ አይደለም።

በመጀመሪያ እጅ ከሌላው የአካል ክፍል ቀድሞ የሚቀዘቅዘው ስለ ምንድን ነው? የሰውነታችን የውስጥ ሙቀት 37 ዲግሪ ያህል ነው። ልብ፣ ሳንባ፣ ጉበትና አንጎል ደኅና ሆነው የሚሠሩት ይህ ሙቀት ሲጠበቅ ነው። ብርድ በመጣ ጊዜ ሰውነታችን እህል እንዳጠረው አባወራ ይሆናል፤ ያለውን ሁሉ ለቤቱ ምሰሶዎች ያስቀድማል። ወደ እጅና ወደ እግር የሚሄዱትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ያጠብባቸዋል፤ ሞቃቱም ደም ወደ ጣት በብዛት እንዳይወርድ ይከለክላል። ጣቶች ደግሞ ቀጫጭን ስለ ሆኑ ካላቸው መጠን ይልቅ ለአየር የተጋለጠው ቆዳቸው ይበዛል። ከዚህም በላይ ጣቶችን የሚያንቀሳቅሱት ትልልቆቹ ጡንቻዎች ያሉት በክርንና በአንጓ መካከል ነው እንጂ በጣቶቹ ላይ አይደለም። ይህን ለማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ግራ ክንዱን በቀኝ እጁ ይዞ የግራ ጣቶቹን ቢያንቀሳቅስ ጡንቻው ሲላወስ ይሰማዋል። ሙቀት የሚሠራው ጡንቻ ስለ ሆነ፣ ጣት ለራሱ የሚሆን እሳት የሌለው ጎጆ ነው፤ ሙቀቱን የሚያገኘው ከላይ በሚመጣለት ደም ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ነፋስ ነው። እግረኛ ነፋስ በሌለበት ጧት ከነፋስ ይድናል፤ ብስክሌት ነጂ ግን የራሱን ነፋስ ራሱ ይሠራል። በአካላችን ዙሪያ ሰውነታችን ያሞቀው ስስ የአየር ሽፋን አለ፤ ነፋስ ይህን ሽፋን እየገፈፈ ይወስድብናል። ፖል ሳይፕልና ቻርልስ ፓሰል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1941 ዓ.ም. በአንታርክቲካ በረዶ ላይ ሆነው፣ በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ በተለያየ ነፋስ ውስጥ በምን ያህል ጊዜ እንደሚረጋ ለክተዋል። የነፋስን ብርድ በቁጥር መግለጽ የተጀመረው ከዚህ ሥራ ነው። ካናዳና አሜሪካ በ2001 ባሻሻሉት ሰንጠረዥ መሠረት፣ የአየሩ ሙቀት 5 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ ሲነፍስ፣ ያልተሸፈነ ቆዳ 0 ዲግሪ የሆነ ያህል ይበርደዋል። ይህ ማለት ግን እጃችን በእውነት ከ5 ዲግሪ በታች ይወርዳል ማለት አይደለም፤ ነፋስ ሙቀታችንን ቶሎ ይነጥቀናል እንጂ ከአየሩ በታች አያወርደንም።

ሦስተኛው ምክንያት እርጥበት ነው። ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል አብልጦ ያስተላልፋል። ስለዚህ በላብ ወይም በጤዛ የረጠበ ጓንት ከሙቀቱ ይልቅ ብርዱ ያመዝናል። ይህን በቤታችን ሞክሬዋለሁ፤ ማንም ሊሞክረው ይችላል። ሁለት እኩል ጠርሙሶች ላይ እኩል ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ አንዱን በደረቅ ካልሲ፣ ሌላውን በረጠበ ካልሲ ሸፍኑና ነፋስ ባለበት ደጅ አስቀምጧቸው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስትዳስሷቸው የትኛው እንደ ቀዘቀዘ ለማወቅ ቴርሞሜትር አያስፈልጋችሁም።

አራተኛው ብረት ነው። የብስክሌቱ መሪና የፍሬኑ መያዣ ሌሊቱን ደጅ ያደሩ እንደ ሆነ፣ ብረት ሙቀትን ፈጥኖ የሚያስተላልፍ ነገር ስለ ሆነ በነካነው ቁጥር ከጣታችን ይወስዳል።

ምክንያቶቹን ካወቅን መድኃኒቱን ማግኘት አያስቸግርም። ሁሉም በደህና ቤትም በድኻ ቤትም ሊደረግ የሚችል ነው።

አንደኛ፣ እጅን ለማሞቅ ከደረትና ከአንገት መጀመር ይገባል። የውስጥ አካል ሙቀት ከተረፈው ሰውነት ደሙን ወደ ጣት ይለቃል። በተራራ ላይ የሚወዳደሩ የብስክሌት ነጂዎች ቁልቁለት ከመጀመራቸው በፊት ጋዜጣ ተቀብለው በደረታቸው ላይ ከልብሳቸው ሥር የሚያስገቡት ነፋስ እንዳይገባ ነው። እኛም ይህን ማድረግ እንችላለን። ቁርስ ሳይበሉ መውጣትም መጥፎ ነው፤ ሰውነት እሳቱን የሚያነደው በምግብ ነውና፣ አንድ ኩባያ በሶ እንኳ ቢሆን ቀምሶ መውጣት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ክንድንና አንጓን መሸፈን ነው። በአንጓ ላይ የደም ሥር ለቆዳ ቅርብ ስለ ሆነ ደሙ ወደ ጣት ሳይደርስ በመንገድ ይበርዳል። የአሮጌ ሱፍ ካልሲ ጫፍ ተቆርጦ ከአንጓ እስከ ክርን ቢለበስ ደኅና አድርጎ ያገለግላል።

ሦስተኛ፣ ጓንቱ ሰፋ ያለ ይሁን። ጠባብ ጓንት ደም ከመከልከሉም በላይ ሙቀት የሚይዘውን አየር ያስወጣል። አውራ ጣት ብቻ ተለይቶለት አራቱ ጣቶች አብረው የሚገቡበት ጓንት፣ ለእያንዳንዱ ጣት ቤት ከተሠራለት ጓንት ይበልጥ ያሞቃል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ጣቶችም ሲያብሩ እርስ በርሳቸው ይሟሟቃሉ። ሆኖም ማንኛውም ጓንት ሳይሞከር ወደ መንገድ መውጣት የለበትም። በደጃፋችሁ ቆማችሁ ጓንቱን እንደ ለበሳችሁ ፍሬኑን ጨብጡት፤ ከተንሸራተተባችሁ ወይም ጣታችሁ ካልደረሰ፣ ያ ጓንት ቢሞቅም ለብስክሌት አይሆንም። ጓንት ሙቀት ይጠብቃል እንጂ አይሠራም፤ ስለዚህ እጃችሁ ሳይበርድ ቤት ውስጥ ሳላችሁ ልበሱት።

ስለ ጓንቱ ጨርቅ አንድ ነገር ልጨምር። አያቴ የመንዝ ሰው ናቸው፤ የበግ ጠጉር በእንዝርት ሲፈትሉ እያየሁ አድጌአለሁ። የመንዝ ሰው በዚያ ከፍታ ላይ ባናና በርኖስ ከበግ ጠጉር እየሠራ ሲለብስ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። የበግ ጠጉር የተጠማዘዘ ስለ ሆነ በመካከሉ ብዙ አየር ይይዛል፤ ቢረጥብም እንኳ ሙቀቱን ፈጽሞ አይለቅም። ጥጥ ግን ሲረጥብ እጥፍጥፍ ብሎ በቆዳ ላይ ይጣበቃል።

አራተኛ፣ ነፋሱን መከልከል ነው። ሱፍ ሙቀት ይይዛል እንጂ ነፋስ አያቆምም። ስለዚህ ከአሮጌ የዝናብ ልብስ ላይ ቆርጦ፣ እጅ ከነጓንቱ የሚገባበት እንደ ከረጢት ያለ መሸፈኛ ሰፍቶ በመሪው ላይ ማሰር ይቻላል። አፉ ግን ሰፊ ይሁን፤ እጅ በፈለገ ጊዜ ወዲያው መውጣት አለበት። በመሪውና በፍሬኑ መያዣ ላይም ጨርቅ ወይም ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ቢጠመጠም የብረቱ ብርድ ይቀንሳል።

አምስተኛ፣ በመንገድ ላይ እጅን አንድ ቦታ ጨብጦ መቅረት አይገባም። የሚደነዝዘው ሁሉ ከብርድ አይደለም፤ መዳፍን በመሪው ላይ አጥብቆ መጫን በዚያ የሚያልፈውን ነርቭ ተጭኖ ትንሿን ጣትና ጎረቤቷን ያደነዝዛል። አያያዝን መለዋወጥ ይህን ያስወግዳል። በጣም የበረደው ሰው ከመንገድ ወጥቶ ይቁምና ክንዱን እንደ ወፍጮ መዘውር አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ያዙር፤ ደሙ ወደ ጣቱ ጫፍ ይገፋለታል። ከኋላ የሚጫን ታናሽ ልጅ ካለ ደግሞ እርሱን አስቡ፤ እግሩን ስለማያንቀሳቅስ ሙቀት አይሠራም፣ ከነጂውም ቀድሞ ይበርደዋል።

«አረቄ ያሞቃል» የሚለው ወሬ ሐሰት መሆኑንም ልናገር። አረቄ በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ለጊዜው የሙቀት ስሜት ይሰጣል፤ ነገር ግን የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ ያፈሰዋል። ሲጋራ ደግሞ የደም ሥርን ያጠብባል። ቫዝሊን ቆዳ እንዳይሰነጣጠቅ ይረዳል እንጂ የጓንት ምትክ አይሆንም።

ይህ ሁሉ የልጆች ጭንቀት ብቻ እንዳይመስል ሁለት ታላላቅ ተወዳዳሪዎችን ላስታውስ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር በቤልጅግ አገር በተደረገው የሊየዥ–ባስቶኝ–ሊየዥ ውድድር ላይ በረዶ ጣለ። ከተነሡት 174 ነጂዎች የጨረሱት 21 ብቻ ነበሩ። ፈረንሳዊው በርናር ኢኖ ከ9 ደቂቃ በላይ ቀድሞ አሸነፈ፤ ነገር ግን ሁለት ጣቶቹ ከዚያ ቀን በኋላ እንደ ቀድሞው እንዳልሆኑለት ተናግሯል። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ በኢጣልያ ዙር ውድድር ላይ ነጂዎቹ ጋቪያ በሚባለው ተራራ በበረዶ ውስጥ አለፉ። የአሜሪካዊው የአንዲ ሃምፕስተን ቡድን መሪዎች ብርዱን አስቀድመው ስለ ሰሙ ጓንትና ሌላም የሙቀት ልብስ ገዝተው አዘጋጅተው ነበር። ሃምፕስተን በዚያ ቀን የመሪነቱን ማልያ ለበሰ፤ ውድድሩንም አሸነፈ። የጋቪያ መተላለፊያ ከፍታው 2,620 ሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም ከከተማችን ያንሳል። እኛን ከዚያ ዓይነት በረዶ ያዳነን ለምድር ወገብ ቅርብ መሆናችን ነው።

በመጨረሻ እጁ የደነዘዘበት ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ልግለጽ። የከሰል ምድጃ ላይ እጅን መዘርጋት አደገኛ ነው፤ የደነዘዘ ጣት ሲቃጠል አይሰማውም። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ደግሞ የሚገድል ጋዝ ያወጣል። የሚሻለው እጅን በብብት ውስጥ ማድረግ ወይም ለብ ባለ ውሃ ውስጥ መንከር ነው፤ የውሃውንም ሙቀት እጁ ያልደነዘዘ ሌላ ሰው ይለካው። ደሙ ሲመለስ እንደ መርፌ ይወጋል፤ ይህ የደኅንነት ምልክት ስለ ሆነ አያስፈራ። ጣቱ ነጭ ሆኖ የሚቆይ፣ የሚያብጥ ወይም ውሃ የሚቋጥር ከሆነ ግን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ወላጆቻችንን የምለምነው፣ ያረጀ ሹራብና ያረጀ ካልሲ ከመጣሉ በፊት የልጁን እጅ እንዲያስቡ ነው። መምህሮቻችንንም የምለምነው፣ በውርጭ ጧት የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ለእጃችን እንዲያደርጉልን ነው። እናንተ ጓደኞቼ ደግሞ ጥቅምት ሳይገባ የፍሬናችሁን ገመድ አጥብቁ፣ ጓንታችሁንም በፍሬኑ ላይ ሞክሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና፣ ውርጭ ከወደቀ በኋላ ከመሯሯጥ በመስከረም ፀሐይ ተቀምጦ መስፋት ይሻላል።