የመኪናው ስክሪንና የጉንደ ወይን መንገድ

ከደጀን ተነስቶ በብቸና በኩል ወደ ሞጣና ባሕር ዳር የሚያመራው መንገድ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ጉንደ ወይንን አቋርጦ ያልፋል። መንገዱ የመኪና ብቻ አይደለም። የተጫነ አህያ፣ ከግጦሽ የሚመለስ ከብት፣ ከትምህርት ቤት የሚወጣ ልጅና ድንገት የሚታጠፍ ባጃጅ ይጋሩታል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭጋግ ይወርዳል፤ የመኪናው የፊት መስታወት በሰው ትንፋሽ ይሸፈናል። ሾፌሩ በዚያች ቅጽበት የሚፈልገው ጥቂት ነገር ነው፤ ክላክስ፣ ፍሬቻ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ መብራት፣ መስታወቱን የሚያጠራ ሙቅ አየር። በቆየ ላንድክሩዘር ወይም አይሱዙ ውስጥ እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው ቦታና ቅርጽ ስላላቸው እጅ ያለ ዓይን እርዳታ ያገኛቸዋል።

ዘመናዊና ውድ በሚባለው መኪና ግን አብዛኛው መቆጣጠሪያ ዳሽቦርዱ መሀል በተተከለ ሰፊ ስክሪን ውስጥ ገብቷል። በስክሪኑ መስታወት ሥር ለዓይን የማይታይ ስስ የኤሌክትሪክ መረብ ተዘርግቷል። ጣት ሲነካው በዚያ ነጥብ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ ኮምፒውተሩም ነጥቡን ለይቶ የታዘዘውን ይፈጽማል። አሠራሩ ድንቅ ነው። ችግሩ መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ልሙጥ መሆኑ ነው። ጣት ዳስሶ የሚለየው ነገር ስለሌለ ዓይን መምራት አለበት፤ ኮረኮንች ላይ ሲደርሱ ደግሞ እጅ እየተንቀጠቀጠ ያልታሰበውን ይነካል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የአሜሪካው ቡዊክ በ1986 እ.ኤ.አ. ሪቪዬራ በተባለው መኪናው ላይ በጣት የሚነካ ስክሪን ገጥሞ ነበር፤ ገዢዎች አልወደዱትም፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ቀረ። ቢኤምደብሊው በ2001 እ.ኤ.አ. 7 ሲሪስ በተባለው መኪናው ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተግባራትን በአንድ በሚሽከረከር ቁልፍ ሥር ሰብስቦ ብዙ ተወቅሷል። በ2012 እ.ኤ.አ. ቴስላ ባለ 17 ኢንች ስክሪን ይዞ ሲመጣ ግን ሌሎቹ አምራቾች ተከተሉት። አንድ ስክሪን የብዙ ቁልፎችን ሥራና ሽቦ ያስቀራል፤ መኪናው ከተሸጠ በኋላም በሶፍትዌር ይሻሻላል። ለዓይንም ያምራል።

ቪ ቢላጋሬ የተባለው የስዊድን የመኪና መጽሔት በ2022 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን በተግባር ፈተነው። ሾፌሮች በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እየነዱ እንደ ሙቀት መጨመርና ሬዲዮ መክፈት ያሉ አራት ቀላል ሥራዎችን እንዲሠሩ ታዘዙ። ቁልፍ በበዛበት የ2005 እ.ኤ.አ. ሥሪት ቮልቮ ቪ70 ሥራው በ10 ሴኮንድ አለቀ፤ መኪናው እስከዚያ የተጓዘው 306 ሜትር ነበር። እጅግ ውድ በሆነው ቢኤምደብሊው አይኤክስ 928 ሜትር ተኬደ፤ መጨረሻ በወጣው ኤምጂ ማርቬል አር ደግሞ 1,372 ሜትር። በዚያው ፈተና ስክሪን ያላቸው ሁለት መኪኖች ጥሩ ውጤት ማምጣታቸውም አይዘለልም። ስክሪን መኖሩ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ዋናው ነገር ምን እንደተቀመጠበትና ስንት ጊዜ መንካት እንደሚጠይቅ ነው።

ጉዳዩ ወደ እኛ የቀረበው በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ ነው። አሁን አዲስ አበባ ላይ በብዛት ከሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪኖች አንዱ ለቻይና ገበያ የተሠራው ቮልስዋገን አይዲ 4 ነው። በመጀመሪያዎቹ ሥሪቶች የድምፅና የሙቀት መቆጣጠሪያው ከስክሪኑ ሥር ያለ፣ በጣት የሚዳሰስ፣ ማታ የማይበራ ጠርዝ ነው። ሾፌሩ የኋላውን መስኮት ለመክፈትም መጀመሪያ በሩ ላይ ሌላ ምልክት መንካት አለበት። በዚህ ላይ ስክሪኑ በቻይንኛ የተጻፈ ከሆነ ቋንቋውን የማያውቅ ሾፌር ምልክት እየገመተ ይነዳል።

ይህን የሀብታም ሰው ጣጣ ነው ብሎ ማለፍ ትልቅ ስህተት ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ወደ 28 ሜትር ይጓዛል። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሾፌር በአንድ ጊዜ ዓይኑን ከመንገድ የሚያነሳው ከሁለት ሴኮንድ እንዳይበልጥ መክሯል። በገበያ ቀን 28 ሜትር ውስጥ ስንት ሰው እንደሚሻገር የጉንደ ወይን ነዋሪ ያውቀዋል። በስክሪኑ የሚዝናናው ባለ መኪናው ነው፤ አደጋው ግን በእግሩ የሚሄደውንም ያገኘዋል።

አምራቾቹም እየተመለሱ ነው። የቮልስዋገን የዲዛይን ኃላፊ አንድሪያስ ሚንት ለድምፅ፣ ለግራና ለቀኝ ሙቀት፣ ለአየር ማራገቢያና ለአደጋ መብራት እውነተኛ ቁልፎች እንደሚመለሱ በ2025 እ.ኤ.አ. ተናግረዋል። የመኪና ደኅንነት የሚመዝነው ዩሮ ኤንካፕ ደግሞ ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፍሬቻ፣ የአደጋ መብራት፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ክላክስና የአደጋ ጥሪ የራሳቸው ቁልፍ ካላቸው ነጥብ ይሰጣል።

እስከዚያው የሚገዛ ሰው መኪናው ቆሞ ሳለ ዓይኑን ከፊት ሳያነሳ መጥረጊያውን፣ የአደጋ መብራቱንና የመስታወቱን ሙቅ አየር ይሞክር። በእጁ ካላገኛቸው ሻጩን ሌላ መኪና አሳየኝ ይበለው። የገዛው ደግሞ የስክሪኑን ቋንቋ ያስቀይር፤ ካልተቻለም መንዳት ከመጀመሩ በፊት ሙቀቱንና ሬዲዮውን አስተካክሎ ይነሳ፤ መንገድ ላይ መንካት ግድ ከሆነበትም ዳር ይዞ ይቁም።