መኪናዎ የተቃጠለ ነገር ሲሸት

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርዱ መኪናዎ ቢሸት እጅግ አያስደንቅም፤ ከ1000 ሜትር የሚበልጠውን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ሳይሆን በፍሬን ብቻ የያዘ ሰው ሸራውን ያግለዋል። ነገር ግን የጎጃምን ሜዳ አቋርጠው ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ከቆሙ በኋላም ሽታው ካልተወ፣ አንዱ ፍሬን አለቅም ብሎ ይሆናል። አስቀድመው የእጅ ፍሬኑን ይመልከቱ። ቀጥሎም እጅዎን ሳያስነኩ ወደየቸርኬው ያስጠጉ፤ ከሌሎቹ አብልጦ የሚፋጀው እርሱ ነው። ሲቀዘቅዝ በክሪክ አንሥተው ጎማውን ያዙሩት፤ እንደ ልብ ካልዞረ መካኒክ ይፍታው። ሐይቁ ቅርብ ነውና ብለው ውሃ አይድፉበት፤ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል። ሽታው የፕላስቲክ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሽቦ እየነደደ ይሆናልና ሞተሩን ወዲያው ያጥፉ። የፍሬኑ ጥገና ወደ ደጀን ቁልቁለት ከመመለስዎ በፊት ይሁን፤ ከልክ በላይ የጋለ ፍሬን ቢረግጡትም አይዝም።