የጥቅምት 30 ደረሰኞች የት ገቡ?

ሀና ማርያም አካባቢ ላለ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የዳታቤዝ ሥራ እሠራለሁ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ያረጀውን ማይኤስኪውኤል 5.5 ወደ 8.0 አሻገርኩት። መረጃው በሙሉ ገባ፤ እፎይ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሰኞ ጠዋት የሒሳብ ሠራተኛዋ ደወሉልኝ።

«ወንድሜ፣ የጥቅምት ሪፖርት እምቢ አለኝ እኮ!»

የሪፖርቱ ኩዌሪ ከ2015-02-01 እስከ 2015-02-30 ያለውን ገቢ እንዲደምር የታዘዘ ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው ባለሙያ የእኛን አቆጣጠር እንዳለ በቀን ዓምድ ውስጥ አስገብቶታል። ለእኛ 02 ጥቅምት ነው፤ 30 ቀን አለው። ለሰርቨሩ ግን ፌብሩዋሪ ነው፤ ቢበዛ 29 ቀን። አሮጌው ስሪት ማስጠንቀቂያ መዝግቦ ያልፍ ነበር። ከ8.0.16 ወዲህ ያለው ግን ስህተት ነው ብሎ ይቆማል።

ልክ ያልሆኑ ቀኖችን የሚፈቅድ ቅንብር አለ። እሱን ብከፍት ሪፖርቱ በደቂቃ ይወጣ ነበር። ሆኖም 13ኛ ወር ስለማያውቅ ጳጉሜን እሱም አይቀበልም። ደግሞስ ሰርቨሩ እስከዛሬ እነዚያን ቀኖች እንዴት ሲያስቀምጣቸው ኖረ?

ስፈትሽ ደነገጥኩ። የጥቅምት 30ም ሆነ የጳጉሜን ደረሰኞች ቀናቸው 0000-00-00 ሆኗል። አሮጌው ሰርቨር ያልገባውን ቀን በዜሮ እየተካ ለዓመታት ዝም ብሏል። ገንዘቡ በአባሉ ስም አለ፤ በወሩ ሪፖርት ግን የለም። ወለድ የሚታሰበው ደግሞ በቀን ነው። ማሻሻያው ያበላሸው ነገር አልነበረም፤ የተበላሸውን ገለጠው እንጂ።

ቅንብሩን አልነካሁም። ከሒሳብ ሠራተኛዋ ጋር የወረቀት ደረሰኞቹን እያገላበጥን ቀኖቹን መለስን። አሁን ዳታቤዙ የሚያስቀምጠው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው፤ የእኛ ቀን የሚታየው በስክሪኑ ላይ ነው። ስለዚህ የጥቅምት 2015 ኩዌሪ ከኦክቶበር 11 እስከ ኖቬምበር 9 ቀን 2022 ያለውን ይጠይቃል።

ሰርቨር ለማሻሻል የተዘጋጃችሁ ወገኖች፣ አስቀድማችሁ በቅጂው ላይ ሞክሩ። ስህተት አለመታየቱ ብቻ አያጽናናችሁ፤ የአሮጌውንና የአዲሱን ሪፖርት ጎን ለጎን አመሳክሩ። ሳይጮኹ የሚመጡ ለውጦችም አሉና። ለምሳሌ በ8.0 «ግሩፕ ባይ» ውጤቱን በራሱ በቅደም ተከተል አይደረድርም፤ «ኦርደር ባይ» ብላችሁ ማዘዝ አለባችሁ።

የሚጮህ ሰርቨር ሰኞን ያበላሻል። ዝም የሚል ሰርቨር ግን የሰው ወለድ ያስቀራል።