ቦርዱን ሌላ ፋብሪካ ሲገጣጥመው “ይሠራል” የሚለው ማነው?

እጃችሁ ላይ ያለውን ስልክ ስሙ የተጻፈበት ድርጅት ራሱ አልገጣጠመው ይሆናል። አይፎንን ብንወስድ ዲዛይኑ የአፕል ነው፤ የሚገጣጠመው ግን እንደ ፎክስኮን ባሉ ሌሎች ድርጅቶች ፋብሪካ ነው። ታዲያ መሃል ላይ ስህተት ቢገባ ማን ያየዋል?

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ባዶው ሰርኪዩት ቦርድ ላይ ክሬም የመሰለ የብየዳ ቅባት ይቀባል። ማሽን ጥቃቅን ዕቃዎቹን (አንዳንዱ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም) እያነሳ በየቦታቸው ያስቀምጣል። ከዚያ ቦርዱ 240 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ያልፋል። ቅባቱ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ ዕቃው ተበየደ ማለት ነው።

ቀጥሎ ፍተሻው ይመጣል፦

👉 ካሜራ፦ የጎደለ፣ የተጣመመ ወይም የተገለበጠ ዕቃ ካለ ይለያል።
👉 ራጅ፦ አንዳንድ ቺፕ ብየዳው ከሥሩ ስለሚደበቅ፣ እንደ ተሰበረ አጥንት በራጅ ይታያል።
👉 መርፌ፦ ቀጫጭን መርፌዎች ቦርዱን እየነኩ የተቋረጠ ወይም ሾርት ያደረገ መስመር ይፈልጋሉ።
👉 የሥራ ፍተሻ፦ ቦርዱ ፓወር ተሰጥቶት የታሰበለትን ሥራ መሥራቱ ይታያል።

ወሳኙ የመጨረሻው ነው። ለምን?

በ2012 (እ.ኤ.አ.) ራስፕቤሪ ፓይ የተባለችው ርካሽ ትንሽ ኮምፒውተር የመጀመሪያዎቹ 10,000 ቦርዶች ቻይና ውስጥ ተገጣጠሙ። የኔትወርክ ገመድ የሚሰካበት ዕቃ ውስጡ ትንንሽ ትራንስፎርመር ያለው እንዲሆን ታዝዞ ነበር። ፋብሪካው ግን ትራንስፎርመር የሌለውን ገጠመ። ዕቃው ቦታው ላይ ልክ ገብቷል፣ ተበይዷል፤ ኔትወርክ ግን አይሠራም። ስህተቱ በፍተሻ የተገኘው ቦርዶቹ ደንበኛ እጅ ሳይገቡ ነው። ዕቃው ተቀየረ፣ መላኩ ትንሽ ዘገየ፣ በዚሁ አለፈ። ሳይፈተሹ ቢላኩስ?

ይሄ እኛንም ይመለከታል። ዛሬ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ቁጭ ብሎ ዲዛይን የሠራ ተማሪ እንደ ጄኤልሲፒሲቢ እና ፒሲቢዌይ ባሉ የቻይና ድርጅቶች በኦንላይን አዝዞ ቦርዱን ማስገጣጠም ይችላል። ፋብሪካው ብየዳውን ያያል፤ ቦርዱ ምን መሥራት እንዳለበት ግን እናንተ ካልነገራችሁት አያውቅም። እዚህ ደርሶ አልሠራ ቢል ደግሞ መልሶ መላኩ ከቦርዱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት፦

✅ የእያንዳንዱን ዕቃ ሙሉ መለያ ቁጥር ስጡ፤ “ሳትጠይቁኝ እንዳትቀይሩ” ብላችሁ ጻፉ።
✅ ቦርዱ ላይ መለኪያ ነጥቦች አስቀምጡ፤ የትኛው ላይ ስንት ቮልት መገኘት እንዳለበት አስታውቁ።
✅ የሥራ ፍተሻውን ደረጃ በደረጃ ጽፋችሁ ላኩ።
✅ መጀመሪያ ጥቂት አሠሩ፤ ራሳችሁ ሞክራችሁ ብዛቱን እዘዙ።

ገጠማውን ለሌላ መስጠት ይቻላል። “ይሠራል” ማለት ምን ማለት እንደሆነ መወሰን ግን የባለቤቱ ሥራ ነው።

ቦርድ አሠርታችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ ምን ገጠማችሁ? ኮሜንት ላይ አካፍሉን።