የኤሌክትሮኒክ የሻንጣ ታግ፦ ዋጋው በስክሪኑ፣ ዕጣው በማሰሪያው

ከዱባይ ወይም ከጓንጁ ሸቀጥ ይዞ የሚመለስ ነጋዴ ሻንጣውን ለአየር መንገድ ሲያስረክብ በእጁ የሚቀረው አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው። ዋናው ወረቀት በሻንጣው እጀታ ላይ ይጠመጠማል። ባር ኮዱ አሥር አሃዝ ያለው ቁጥር የያዘ ሲሆን፣ ከነዚህ ሦስቱ አየር መንገዱን ይለያሉ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ 071 ነው። ያ ወረቀት በመንገድ ላይ ከተቀደደ ግን ሻንጣው ባለቤት የሌለው ዕቃ ሊሆን ይችላል።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ለጠፋ፣ ለተጎዳ ወይም ለዘገየ ሻንጣ የሚከፈለው ካሣ፣ መንገደኛው አስቀድሞ ልዩ የዋጋ መግለጫ ካላስመዘገበ በስተቀር፣ ከታኅሣሥ 2024 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ከ1,519 ኤስዲአር አይበልጥም። ይህም ወደ 2,000 ዶላር ገደማ ነው። በውስጡ የ5,000 ዶላር ሸቀጥ ቢኖርም ጣሪያው ያው ነው።

ለወረቀቱ ምትክ ይሆናል የተባለው የኤሌክትሮኒክ ታግ ገበያ ላይ ውሏል። የአሜሪካው አላስካ አየር መንገድ ባግታግ ከተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ2022 ያስታወቀ ሲሆን፣ ኋላም አንዱን ታግ በ70 ዶላር ለመንገደኞቹ አቅርቧል። አየር መንገዱ ሻንጣ ለማስረከብ የሚጠፋውን ጊዜ 40 ከመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ገልጾ ነበር።

ለመሆኑ እንዴት ይሠራል?

መንገደኛው ገና ቤቱ ሳለ በስልኩ ቼክ ኢን ያደርግና ስልኩን ከታጉ ጋር ያነካካል። ባር ኮዱም በታጉ ስክሪን ላይ ይወጣል። ስክሪኑ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ምስሉ በሚለወጥበት ቅጽበት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለ ኃይል እንደታተመ ወረቀት ይቆያል። የአላስካው ታግ ያችን ታህል ኃይል የሚያገኘው ከስልኩ ስለሆነ ባትሪ የለውም።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 አላስካን ጨምሮ ታላላቅ የአሜሪካ አየር መንገዶች ባትሪያቸው የማይወጣ "ዘመናዊ" ሻንጣዎችን መቀበል አቆሙ። ብሉስማርት የተባለው የሻንጣ አምራችም በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ሥራውን ዘጋ። ለአንድ ምርት ደንብ ከገበያ ይልቅ ፈጣን ገዳይ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ ነው።

ፈተናው ማሰሪያው ነው

ስክሪኑ የተፈታ ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል። አስቸጋሪው ታጉን ከሻንጣው ጋር ማያያዙ ነው። ማሰሪያው ረዥም ከሆነ ታጉ ይወዛወዛል፤ በተንቀሳቃሹ ቀበቶ መጋጠሚያ ሊያዝና ሊጎተትም ይችላል። እጅግ ካጠረ ደግሞ ስክሪኑ በእጀታው ሥር ተደብቆ ባር ኮድ አንባቢው ላያየው ይችላል። ስለዚህ ታጉ ስስ፣ ጠርዙ የተድቦለቦለ፣ ማሰሪያውም አጭር ሆኖ ስክሪኑን የማይሸፍን መሆን አለበት። አላስካ የመረጠው አንዴ ከተጎተተ ወደኋላ የማይመለስ ጠንካራ የፕላስቲክ ማሰሪያ ነው። መንገደኛው በጉዞ መሐል እንደ ጌጥ ሊፈታው አይችልም፤ ሌባም ቢሆን መቁረጫ ያስፈልገዋል።

ሪሞዋ የተባለው የሻንጣ አምራች በ2016 (እ.ኤ.አ.) ከሉፍታንዛ ጋር ሌላ መንገድ ሞክሮ ነበር። ስክሪኑን በሻንጣው ገላ ላይ ተከለው። የመውደቅ ሥጋቱ ቀረ፤ ገዢው ግን ታጉን ለማግኘት ሙሉ ሻንጣ መግዛት ነበረበት።

ርካሹ ወረቀትም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። ትንንሽ ተለጣፊ ቁራጮቹ በሻንጣው ገላ ላይ ስለሚለጠፉ ዋናው ቢቀደድ ምትክ ይሆናሉ። ኤሌክትሮኒኩ ታግ ከነማሰሪያው ከተበጠሰ ግን ምትክ የለውም።

ወጪውን ማን ይሸከማል?

የወረቀቱ ዋጋ በሳንቲም የሚቆጠር ሲሆን ከፋዩ አየር መንገዱ ነው። ኤሌክትሮኒኩን የሚገዛው ግን መንገደኛው ነው፤ የሠራተኛና የወረቀት ወጪ የሚቀንስለት ደግሞ አየር መንገዱ። በዓመት አሥር ጊዜ ደርሶ መልስ የሚጓዝ ሰው 70 ዶላሩን ለ20 በረራ ቢያካፍለው ለአንዱ 3 ዶላር ተኩል ይደርሰዋል። ሦስት ሻንጣ ካለው ግን ሦስት ታግ፣ 210 ዶላር ያስፈልገዋል።

ሲታ የተባለው የአቪዬሽን ቴክኖሎጂ ድርጅት ባወጣው አኃዝ፣ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ከሺህ መንገደኛ በ6.3 ሻንጣዎች ላይ የመዘግየት፣ የመጥፋት ወይም የመጎዳት ችግር ደርሷል። ከዚህ ውስጥ 41 ከመቶ ያህሉ የተከሰተው ሻንጣው ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን ሲዛወር ነው። ለእንዲህ ያለው ችግር ጥሩ ታግ በከፊል እንጂ በሙሉ መድኃኒት አይሆንም። የማዛወሪያው ጊዜ ካጠረ የማይቀደድ ታግም ሻንጣውን አያደርስም።

ለአገራችን ነጋዴ ደግሞ ከሁሉ የሚቀድም ጥያቄ አለ። ብዙው ሸቀጥ የሚመጣው በካርቶንና በማዳበሪያ ታስሮ ነው። ወረቀት በካርቶን ላይ ይለጠፋል፤ ማሰሪያ ያለው ታግ ግን እጀታ ከሌለ የሚንጠለጠልበት የለውም። እንግዲህ ገዢ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሦስት ነገር ያጣራ፦ የሚበርባቸው አየር መንገዶች ሁሉ ታጉን ይቀበላሉ? ባትሪ ካለው የተፈቀደ ነው? የሻንጣውስ እጀታ ከማሰሪያው ይጠነክራል? እጀታው ከተነቀለ 70 ዶላሩም አብሮ ይሄዳልና።