ልምምድ ሲበዛ፣ እንቅልፍ ሲያንስ

የተራራ ብስክሌት ውድድር በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ማሪን በተባለው አካባቢ ከተጀመረ ወደ ሃምሳ ዓመት ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ1976 ጥቂት ወጣቶች አሮጌ ብስክሌቶቻቸውን እየጠጋገኑ ከተራራ ቁልቁል ይሽቀዳደሙበት የነበረው ጨዋታ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ ለመካተት በቅቷል። ዛሬ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብዙ አማተሮች፣ ማለትም እንጀራቸውን ከሌላ ሥራ የሚያገኙ ሰዎች ይወዳደሩበታል። ከእነርሱም መካከል ሳምንቱን ሙሉ በቢሮ ወይም በፋብሪካ ውለው፣ ማታ ልጅ አስተኝተው፣ እሑድ ማለዳ ከመነሻው መሥመር የሚሰለፉ እናቶች አሉ።

ስፖርቱ በአገራችን ብዙም የተዘወተረ ባይሆንም፣ የእነዚህ እናቶች ችግር በሥራና በቤት መካከል ለምትሯሯጥ አንባቢያችን እንግዳ አይሆንባትም።

የውድድሩ ወቅት በእነዚያ አገሮች ከሚያዝያ እስከ መስከረም ይዘልቃል። በብርዱ ወራት ስትለማመድ የቆየችው ተወዳዳሪ፣ የመጀመሪያዎቹን ውድድሮች በደስታ ትጨርስና ሐምሌ ላይ ትዝላለች። ይቀላት የነበረው ዳገት ይከብዳታል፤ ደክሟት ሳለ እንቅልፍ እምቢ ይላታል፤ በትንሽ በትልቁ ትቆጣለች፤ ከግድግዳ የተደገፈው ብስክሌቷ እንደ ዕዳ ይታያታል። በዚህ ጊዜ ብዙዎቹ «ሰነፍሁ» ብለው ልምምዱን ይጨምሩበታል። የሚጎዳቸውም ይኸው ነው።

ሰውነት የሚጠነክረው ከዳገቱ በኋላ፣ ሲበላና ሲተኛ ነው። ከዚህም ሌላ የአለቃን ቁጣ፣ የታመመ ሕፃን ሲያስታምሙ ማደርንና ተራራ መውጣትን ለየብቻ አይመዘግብም፤ ሁሉም የሚወጣው ከአንድ ጎተራ ነው። ስለሆነም ከምሳ በኋላ ጋደም ለማለት ጊዜ ላለው ባለሙያ ብስክሌተኛ የተዘጋጀ የልምምድ ፕሮግራም ለሠራተኛዋ እናት ልክ አይሆንም።

የአውሮፓና የአሜሪካ የስፖርት ሳይንስና ሕክምና ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2013 በጋራ ባወጡት መግለጫ እንዳስረዱት፣ ቀላሉ ዝለት በቀናት ወይም በሳምንታት ዕረፍት ይለቃል፤ ሥር የሰደደው ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል። ሐኪሙም «ልምምድ በዝቶብሽ ነው» ከማለቱ በፊት የደም ማነስን፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክንና የተደበቀ ሕመምን መመርመር አለበት። ፈረንሳዊቷ ፖሊን ፌራን ፕሬቮ እ.ኤ.አ. በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክን የተራራ ውድድር ሳትጨርስ አቋርጣለች። በኋላም ወደ እግሯ ደም የሚወስደው ሥር መታወኩ ተደርሶበት በቀዶ ሕክምና ታክማ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም ሻምፒዮን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በፓሪስ የወርቅ ባለቤት ሆናለች።

ሴቶች በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ብዙ እየለማመዱ ትንሽ መብላት የወር አበባን ሊያስቀር፣ ሲቆይም አጥንትን ሊያሳሳ ይችላል። የወር አበባ መቅረቱን እንደ ግልግል የሚቆጥሩ ስፖርተኞች አሉ፤ ነገር ግን ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ምልክት ነው።

ታዲያ ወቅቱ ሳያልቅ ምን ይደረግ? ለአንድ ሳምንት ያህል የልምምዱን ሰዓት በግማሽ ገደማ መቀነስ፣ አጭርና ፈጣን ግልቢያ ብቻ በመጠኑ ማስቀረት፣ ቁርስ አለመዝለል፣ አንዱን ውድድር ያለ ጸጸት መተው። ሳምንቱ አልፎም እግሩ ካልቀለለ ዕረፍቱን ማራዘም ይሻላል። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ የልብ ትርታን መቁጠርም ይረዳል፤ ለቀናት ከወትሮው ከፍ ካለ ጥንቃቄ ያሻል። የቀነሰችው የልምምድ ሰዓት ግን በልብስ አጠባና በጓዳ ሥራ ከተተካ ዕረፍት አልሆነም። እዚህ ላይ ባል የሚጠየቀው ጭብጨባ ሳይሆን ሌሊት ለሚያለቅሰው ልጅ በተራው መነሣቱን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአሜሪካ ሻምፒዮን የነበረችው ጃኪ ፌላን፣ ለሴቶች ያቋቋመችውን ማኅበር «የሴቶች የተራራ ብስክሌትና የሻይ ማኅበር» ብላዋለች። አባላቱ አብረው ተራራ ይወጡና አብረው ሻይ ይጠጡ ነበር።