ጊዜን በቅዝቃዜ መግዛት

የኮቪድ-19 ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለምን ባናወጠበት ወቅት የባዮቴክኖሎጂ ኩባንያ መሪዎችን ከገንዘብ ይልቅ የቸገራቸው ጊዜ ነበር። አንድ ክትባት ለስድስት ወር ሳይበላሽ መቆየቱ የሚረጋገጠው በመጨረሻ ስድስት ወር አስቀምጦ በማየት ነው። ሰው በየዕለቱ በሚሞትበት ሰዓት ግን ይህን ያህል መጠበቅ የማይታሰብ ነው። ታዲያ መሪዎቹ ምን አደረጉ? የባዮንቴክንና የፋይዘርን ምሳሌ ወስደን እንመልከት፤ መልሱ በከፊል ከፊዚክስ የሚገኝ ነውና።

የጀርመኑ ባዮንቴክ እስከዚያ ድረስ ዋና ትኩረቱ ካንሰር ነበር። የኩባንያው መሥራችና መሪ ኡጉር ሻሂን በጃንዋሪ 2020 ሥራውን ወደ አዲሱ ቫይረስ አዞሩ። አጋራቸው የፋይዘሩ አልበርት ቡርላ ደግሞ ለምርምሩ ከአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ ላለመቀበል ወስነው ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የኩባንያቸውን ሀብት አደጋ ላይ ጣሉ። ባዮንቴክ በበኩሉ ከጀርመን መንግሥት እስከ 375 ሚሊዮን ዩሮ ድጋፍ ተፈቅዶለታል። ክትባቱ መሥራቱ ገና ሳይታወቅ፣ በሴፕቴምበር ወር፣ በማርቡርግ ከተማ የሚገኘውን የኖቫርቲስ ፋብሪካ ለመግዛት ተስማማ። እነዚህ ውሳኔዎች ደፋሮች ናቸው። ለእኛ ይበልጥ የሚያስገርመን ግን ክትባቱ ከዜሮ በታች በ70 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ እንዲቀመጥ መወሰኑ ነው።

ክትባቱ የተሠራው 4,284 ኑክሊዮታይዶች ከተቀጣጠሉበት የአር ኤን ኤ ሰንሰለት ነው። ከዲ ኤን ኤ በተለየ፣ በእያንዳንዱ የአር ኤን ኤ ስኳር ላይ አንድ ተጨማሪ የሃይድሮክሲል ቡድን አለ፤ ይህ ቡድን አጠገቡ ያለውን ማያያዣ ሊበጥስ ይችላል። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ ሙሉውን ፕሮቲን ማሠራት አይችልም። የመበጠሱ ፍጥነት በመጠነ ሙቀት ይወሰናል። በኬሚስትሪ ክፍል የምንማረውን ግርድፍ ግምት ብንወስድ፣ መጠነ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከ5 ዲግሪ ወደ ከዜሮ በታች 70 ስንወርድ ሰባት ጊዜ ተኩል አጋመስን ማለት ነው፤ ውጤቱ 180 እጥፍ ያህል ይሆናል። በሌላ አነጋገር፣ በተራ ማቀዝቀዣ ውስጥ በአንድ ቀን የሚደርሰው ጉዳት እዚህ ስድስት ወር ይፈጃል። ኩባንያው የጎደለውን የጊዜ ማስረጃ በቅዝቃዜ ተካው።

ቅዝቃዜውን ከፋብሪካ እስከ ሆስፒታል የሚያደርስ መኪና በየአገሩ አልነበረም። ስለዚህ ፋይዘር ቅዝቃዜውን በሣጥን አሸገው። ሣጥኑ 23 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ በረዶ፣ ማለትም የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ይይዛል፤ ካልተከፈተም እስከ 10 ቀን ይቆያል። ደረቅ በረዶ ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ጋዝነት ሲለወጥ በኪሎ ግራም 570 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል፤ የውሃ በረዶ ሲቀልጥ የሚወስደው 334 ብቻ ነው። አንባቢ ራሱ ሊያሰላው ይችላል፦ 23 ኪሎ ግራም ወደ 13 ሚሊዮን ጁል ይወስዳል፤ ይህን በ10 ቀናት ሴኮንዶች ብናካፍለው 15 ዋት እናገኛለን። የሣጥኑ ግድግዳ ከዚህ በላይ ሙቀት ማሳለፍ የለበትም። በመካከለኛ አምፖል ኃይል ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ክትባት ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው!

አንድ ኪሎ ግራም ደረቅ በረዶ ከ500 ሊትር በላይ ጋዝ ስለሚወጣው በአውሮፕላን ሲጫን አየሩን ሊመርዝ ይችላል። ስለዚህም በ2020 መጨረሻ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣናት ዩናይትድ ኤየርላይንስ ከመደበኛው አምስት እጥፍ፣ ማለትም 6,800 ኪሎ ግራም ገደማ፣ እንዲጭን በልዩ ሁኔታ መፍቀድ ነበረባቸው። (በነገራችን ላይ፣ ደረቅ በረዶ በባሕር ወለል በ78.5 ዲግሪ ከዜሮ በታች ቢተንም፣ የአየር ግፊት ዝቅተኛ በሆነበት በአዲስ አበባ ግን 82 አካባቢ ይደርሳል። ከፍታችን ለዚህ እንኳ ይጠቅመናል።) ቅዝቃዜ የጥሬ ዕቃ እጥረትን ግን አይፈታም፤ ፋይዘር በ2020 ለማድረስ ካቀደው 100 ሚሊዮን ዶዝ ወደ 50 ሚሊዮን ዝቅ ለማለት ተገድዷል።

የተገዛው ጊዜ ዋጋ ነበረው፤ ከከፋዮቹም መካከል እንዲህ ያለ ማቀዝቀዣ የሌላቸው አገሮች ይገኙበታል። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቫክስ አማካይነት አዲስ አበባ የገባው የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ያህል ዶዝ የአስትራዜኔካ ክትባት ነበር። እሱ መልእክቱን በዲ ኤን ኤ መልክ በሌላ ቫይረስ ውስጥ አሳፍሮ ስለሚሄድ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይበቃዋል፤ በየጤና ጣቢያው ካለው ማቀዝቀዣ ጋርም ይስማማል። ከሁለት ወር በኋላ፣ በሜይ 2021፣ የአውሮፓና የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች የፋይዘር ክትባት ከቀለጠ በኋላ በተራ ማቀዝቀዣ እስከ አንድ ወር እንዲቆይ ፈቀዱ። በብልቃጡ ውስጥ ያለው ክትባት ያው የቀድሞው ነበር፤ የተጨመረው በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የታየበት ጊዜ ብቻ ነው።